ወንድሟን ወደ መድረክ ጠርተው እህቱን ከበር ለመለሱት ርዕሰ መምህር

ለክቡር ርዕሰ መምህር ሞርዴካይ
ጊቫት ሃሞሬ፣ አፉላ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ አዲሱ የብረት በርዎና ዘበኛውስ ደህና ናቸው? እኛ ከእርስዎ ትምህርት ቤት የሪሹም፣ የምዝገባው፣ ጣጣ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እኔ የሺሐረግ እባላለሁ። በውጊያ ላይ ባሳየው ጀግንነት የተሸለመው የእግረኛ ጦር መቶ አለቃ የያሪን እናት ነኝ። ክፍሉ ሞልቷል ተብላ ከትምህርት ቤትዎ የተመለሰችው የስድስት ዓመቷ ሻኒም የመጨረሻ ልጄ ናት። ሁለቱ ከአንድ ማህፀን መውጣታቸውን የነገረዎት ሰው ያለ አይመስለኝምና እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፦ ያሪን ለተማሪዎችዎ ስለ ጀግንነት እንዲናገር ስለ ጋበዙት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የግብዣ ካርዱ ላይ ግን በልጅነቱ ከአገር ቤት በረሃ በእግሩ አቋርጦ የመጣ ብለው አስጽፈዋል። ወይ ጉድ! ልጄ እኮ የተወለደው እዚሁ አፉላ ነው። በእግሩ ያቋረጠው ነገር ቢኖር ከባቡር ጣቢያው እስከ አውቶቡስ ጣቢያው ያለውን መንገድ ነው፤ እሱንም የወታደር ሻንጣውን ተሸክሞ። እኔ እናቱ እንኳ ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር የመጣሁት በአውሮፕላን ነው። በረሃ ካለፍንም ተኝቼ ሳለ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፦ ጸሐፊዎ ደውላ፣ ከልጄ ንግግር በፊት የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ መድረክ ላይ እስክስታ ብመታ ቴኬሱ፣ ማለትም በዓላችሁ፣ እንደሚደምቅ በትሕትና አስረድታኛለች። ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሆኖም ይህ ትከሻ አረጋውያንን ከአልጋ ሲያነሳና ሲያስተኛ የሚውል ትከሻ ስለሆነ፣ ማታ ማታ የሚፈልገው ዘፈን ሳይሆን ቅባት ነው። ግድ የለም ካሉ ግን እርስዎ ይጀምሩልኝና እከተልዎታለሁ።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ ሳቄ አለቀ። ክፍሉ ሞልቷል ባሉን በሳምንቱ የነጩ ጎረቤታችን ልጅ ሺር ተመዘገበች። እግዚአብሔር ያሳድጋት፣ ቀጭን ልጅ ስለሆነች በቀዳዳ ገብታ ይሆናል። ይህን ብጠይቅዎ፣ ሻኒ ከመሰሎቿ ጋር ብትማር ይሻላታል ብለው መከሩኝ። ክቡር ሆይ፣ መሰሏ እኮ ሺር ናት! አብረው አፈር አቡክተው፣ አብረው ጉንፋን ተጋርተው ነው ያደጉት። አሁን ሻኒ ምን አጥፍቼ ነው እያለች ትጠይቀኛለች። እኔም ርዕሰ መምህሩ የተማሩ ሰው ናቸው፣ እሳቸው ይነግሩሻል ብያታለሁ።

ስለዚህ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ልጄን እንዲመዘግቡልኝ፣ አለዚያም ያጠፋችውን ነገር ለራሷ፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ እንዲነግሩልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ሥልጣንዎ እንዲጸና፣ ክፍልዎም ለአንዲት ፍሬ ልጅ የሚበቃ ያህል እንዲሰፋ ዘወትር የምትለምን፣
የተጋባዡም የተመላሿም እናት፣
የሺሐረግ

ማስታወሻ፦ በካርዱ ላይ ያሪን ለምን እንደተሸለመ መጻፍ ስለ ረሱ እኔ ላስታውስዎ። ሁሉም ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ የቆሰለ ጓደኛዬን ትቼ አልሄድም ብሎ ነው። በቴኬሱ ቀን የእህቱን እጅ ይዞ ይመጣል። እሷን በር ላይ ትቶ መድረክዎ ላይ የሚወጣ ከመሰለዎት፣ ከአሁኑ ሌላ ተናጋሪ ይፈልጉ።