የወንበር ጩኸትን «ይቀጥል» ብለው ላስተረጎሙት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ ጆሮዎ ደኅና ናቸው? ለወጉ ያህል የምጠይቅዎት እንዳይመስልዎት፤ እኛ በየቤታችን ተቀምጠን የሐኪሞችን ድምፅ እያዳመጥን የሕሙማንን ሪፖርት የምንጽፍልዎት ሠራተኞች ቀድመን የምናጣቸው እነዚህን ሦስቱን ስለሆነ ነው። እርስዎ ግን ባለፈው ወር «ውድ የቤተሰባችን አባላት» ብለው በላኩልን መልእክት ላይ በሚሽከረከር የቆዳ ወንበር ተደላድለው ሲስቁ ስላየሁዎት፣ የእርስዎስ ወገብ ተርፏል ብዬ ፈጣሪን አመስግኛለሁ።

እርስዎ እኔን በመለያ ቁጥር ብቻ ስለሚያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። በጤና መረጃ አያያዝ ከተመረቅሁ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ድርጅትዎ የቀጠረኝ ዕለት እናቴ ከጎረቤት ጎረቤት እየዞረች «ልጄ ሐኪም ቤት ገባች፤ ያውም ከቤት ሳትወጣ!» ብላ አውርታለች። እኔም ብሆን ከእሷ አላነስኩም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ወፍራም ደብተር ገዝቼ የማላውቀውን የአጥንትና የደም ሥር ስም ሁሉ እየመዘገብኩ ስሸመድድ ከረምኩ። ሥራውን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ይህን የምነግርዎት «ሥራው ከብዷት ነው» እንዳይሉ ነው። የተጣላሁት ከሥራው ጋር አይደለም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ፤ ጊዜዎ ውድ ስለሆነ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ክፍሉ አመሰግናለሁ። የቅጥር ውላችን የሕሙማንን ምሥጢር ለመጠበቅ ሲባል እያንዳንዱ ሠራተኛ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ሌላ ሰው የማይገባበት ክፍል እንዲኖረውና ፎቶግራፉን እንዲልክ ያዛል፤ ለክፍሉ ኪራይ ስለመክፈል ግን ውሉ ትንፍሽ አይልም። በቤታችን ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያለው መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጬ፣ ኮምፒውተሩን በሳፋ ላይ በተጋደመ ሳንቃ አስቀምጬ፣ በገዛ ገንዘቤ የገዛሁትን የድምፅ ማስኬጃ ፔዳል በእግሬ እየረገጥኩ ስምንት ሰዓት እውላለሁ። ፎቶግራፉን የተመለከቱት ተቆጣጣሪዎ «ንጹሕ፣ ነጭና ዓይን የሚማርክ የሥራ ቦታ» ብለው ሙሉ ነጥብ ሰጥተውኛል፤ ለሴራሚኩ ነው። አባቴ በየጠዋቱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ዶክተር፣ ተራዬ አልደረሰም?» እያለ ያንኳኳል፤ ታናሽ ወንድሜ ከኋላው ሆኖ «መጀመሪያ ካርድ አውጣ!» ይለዋል። ሦስተኛ ተሰላፊ የሆነችው አክስቴ ግን አትስቅም፤ «ሥራ ፈትታ ቤት መዋሏ ሳያንስ ይህንንም ቤት ያዘችብን!» እያለች ግድግዳው እስኪሰማ ታጉረመርማለች። ምሥጢሩ ግን ተጠብቋል ክቡር ሆይ፤ የተጎዳው ፊኛቸው ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሒሳብ ችሎታዎ አመሰግናለሁ። የምንከፈለው በመስመር ነው፤ አንድ መስመር ማለት ስልሳ አምስት ፊደል ነው፤ በቃልና በቃል መካከል ያለው ክፍተት ግን አይቆጠርም። ያንን ክፍተት የሚመታው አውራ ጣቴ እስካሁን በበጎ ፈቃድ ሲያገለግልዎት ቆይቷል። አንዱን ደቂቃ ድምፅ በትክክል ለመጻፍ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ማዳመጡ ግን እንደ ሥራ ስለማይቆጠር እንደ መዝናኛ ቆጥሬዋለሁ። ካለፈው ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ «ረቂቁን ማሽን ያዘጋጅላችኋል፤ እናንተ ማረም ብቻ ነው» ተባለና የመስመሩ ዋጋ በግማሽ ተቆረጠ። ማሽኑ እጅግ ታማኝ ነው፤ አንድ ሐኪም መሃል ላይ ስልክ አንስተው «ልጁን ከትምህርት ቤት አንቺ አምጪው፣ እኔ አልደርስም» ያሉትን ሳይቀር የሕመምተኛው የቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ አስገብቶታል። እኔ ያንን ለቅሜ ለማውጣት ከባዶ ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ይወስድብኛል። ማሽኑ ሲጽፍ ግማሽ ክፍያ፣ ማሽኑ ሲሳሳት ሙሉ ቅጣት፤ ይህን ቀመር ያገኙት እርስዎ ከሆኑ ጭንቅላትዎን ለሳይንስ ቢናዘዙ መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ባዶ ቦታ። ትምህርት ቤት ያስተማሩን የመጀመሪያው ሕግ «ያልሰማኸውን አትጻፍ» የሚል ነበር፤ ሐኪሙ ያለው ካልተሰማ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ደቂቃና ሰከንዱ ይጻፋል፣ ሐኪሙ ራሱ ይሞላዋል። በእርስዎ ድርጅት ግን ባዶ ቦታ የስንፍና ምልክት ነው፤ ለአንዱ ባዶ ቦታ የአሥር መስመር ክፍያ ይቀነሳል፣ ሦስት ከሆነ ሪፖርቱ በሙሉ በነፃ የተሠራ ይሆናል። ስድስት ወር ሙሉ አንድም ባዶ ቦታ ሳትተው የወሩ ኮከብ እየተባለች የምትሸለመዋን ባልደረባዬን፣ እንዲህ የጠራ ጆሮ ከየት እንዳመጣች ደውዬ ብጠይቃት ከት ብላ ሳቀችና «አንቺ ደግሞ! ማን ይሰማል? ሁለት ልጅ አለኝ፤ ዝም ብዬ እሞላዋለሁ» አለችኝ። በእሷ አልፈርድም። ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ ሁሉ «እንብላው፣ እንብላው» ነው ይባላል፤ ክራሩን የሠሩት እርስዎ ናቸው፣ እሷ ጣቷን ብቻ ነው ያስቀመጠችበት።

አራተኛ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው። ይህኛው ምስጋና ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ።

ባለፈው ወር አንድ ረቡዕ ጠዋት ከአንድ ክሊኒክ ድምፅ ደረሰኝ። ሐኪሙ የሚናገሩት ሰኞ ቀዶ ሕክምና ስለሚደረግላቸው አንድ አዛውንት ነው። የአዛውንቱንም የክሊኒኩንም ስም አልጽፍም፤ ምሥጢር ለመጠበቅ የፈረምኩት በእርስዎ ወረቀት ላይ ቢሆንም ቃሌን የሰጠሁት ለእሳቸው ነውና። ሐኪሙ «ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት በተመለከተ» ሲሉ ከጀርባቸው አንድ ሰው ወንበር ጎተተ። የብረት እግሩ ወለሉን እየፋቀ አራት ሰከንድ ጮኸ። ጩኸቱ ሲያልፍ ሐኪሙ ስለ አዛውንቱ የስኳር መጠን እያወሩ ነበር። ሃያ ጊዜ ያህል መልሼ ሰማሁት፤ ፍጥነቱን ቀነስኩ፣ ድምፁን ከፍ አደረግሁ፤ ወንበሩ ያው ወንበር ነው። ባዶ ቦታ ትቼ፣ ደቂቃውን ጽፌ፣ «ሐኪሙ ይጠየቁ» ብዬ ላክሁ።

ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። ድምፁን ሳያዳምጡ ባዶ ቦታ ብቻ የሚቆጥሩት አራሚዎ «ያለፉት ሦስት ሪፖርቶች መድኃኒቱ ይቀጥል ነው የሚሉት፤ ያንኑ ጻፊ» ብለዋል። እኔም ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምና እንዳልነበረ፣ ደሙ የቀጠነ ሰው ቢላዋ ሥር ሲገባ ደሙ አልቆም ሊል እንደሚችል፣ ስለዚህም ትእዛዙ እንደ ወትሮው ላይሆን እንደሚችል በትሕትና አስረዳሁ። «እኅቴ፣ አንቺ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለሽም» የሚል መልስ መጣልኝ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ትእዛዝ ከራሴ አውጥቼ አልጽፍም ያልኩት እኮ ሐኪም ስላልሆንኩ ነበር! ሦስት ጊዜ ተመለሰ፣ ሦስት ጊዜ ባዶውን ላክሁት። ከሰዓት በኋላ ፋይሉ ላይ «ተጠናቋል» የሚል አረንጓዴ ምልክት አየሁ። ስከፍተው በወንበሩ ጩኸት ቦታ «ይቀጥል» የሚል ቃል ተቀምጧል፤ ከሪፖርቱ ግርጌ ደግሞ የእኔ መለያ ቁጥር።

በውላችን መሠረት ክሊኒኩን ማነጋገር ክልክል ስለሆነ መጀመሪያ ወደ እናንተ ደወልኩ፤ ለአርባ ደቂቃ ደስ የሚል ሙዚቃ ጋበዛችሁኝ። ጻፍኩ፤ «መልእክትዎ ለእኛ ወርቅ ነው፤ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን» የሚል መልስ በራሱ ጊዜ መጣ። ሰኞ ግን ከአምስት የሥራ ቀናት ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት በሁለት አውቶቡስ ተሳፍሬ ክሊኒኩ ሄድኩ። የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «ማንን ፈልገሽ ነው የኔ እናት?» ስትለኝ ከበስተኋላዋ ግድግዳ ላይ የድርጅታችንን ማስታወቂያ አየሁ፤ «እያንዳንዱ ሪፖርት በሁለት ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች ተጽፎ ይመረመራል» ይላል። ሁለት ባለሙያ መሆኔን ያወቅሁት የዚያን ዕለት ነው። የሚከፈለኝ ግን የግማሽ ሰው ስለሆነ የቀሪው አንድ ባለሙያ ተኩል ክፍያ የት እንደሚደርስ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።

ሐኪሙ አንድ እጃቸው ላይ ጓንት እንዳጠለቁ መጡ። ዓረፍተ ነገሩን ሳነብላቸው ፊታቸው ተለዋወጠና «ማነው ይቀጥል ያለው? ከረቡዕ ጀምሮ ይቁም ነው እኮ ያልኩት!» ብለው ወደ አዛውንቱ ቤት እዚያው ቆመው ደወሉ። አዛውንቱ በሪፖርቱ መሠረት የረቡዕንም የሐሙስንም ውጠው ነበር። ቀዶ ሕክምናው በሦስት ቀን ተላለፈ፤ በሰላምም ተጠናቀቀ። ሐኪሙ ስልኩን ዘግተው «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» ሲሉኝ «ድምፅዎን የምጽፈው ነኝ» አልኳቸው፤ «እንዴ! እዚያ ሰው አለ እንዴ?» ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚያ ሰው መኖሩን እርስዎም ለመጀመሪያ ጊዜ ያስታወሱት ከዚህ በኋላ ነው። በሳምንቱ «ከደንበኛ ጋር ያልተፈቀደ ግንኙነት» በሚል ርእስ ማስጠንቀቂያ ላኩልኝ፤ ከማስጠንቀቂያው ጋርም ለፊርማ ብቻ የተዘጋጀ ወረቀት፦ «በተጠቀሰው ሪፖርት ላይ ይቀጥል የሚለውን ቃል በቸልተኝነት የጻፍኩት እኔ ነኝ።» እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ከፈረምኩ በሥራዬ እቆያለሁ፤ ካልፈረምኩ መለያ ቁጥሬ ይዘጋል። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ማለት ይህ ነው፤ እርስዎ ደግሞ እንጨቱንም እኛው ገዝተን እንድናመጣ ይጠብቃሉ።

እናቴ ወረቀቱን አንብባ «ፈርሚና ዝም በይ ልጄ፤ ፊርማ አያምም፤ ሥራ ማጣት ነው የሚያመው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የቤቱን ግማሽ ወጪ የምሸፍነው እኔ ነኝ፤ ወንድሜም ገና ተማሪ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀቱን ይዤ ስብከነከን ሰነበትኩ። አባቴ ግን ትናንት ጠዋት ፎጣውን ይዞ መጥቶ እንደ ልማዱ ሳይቀልድ «ያልጻፍሽውን ጽፌአለሁ ብለሽ ከፈረምሽ፣ ነገ የጻፍሽውን ማን ያምንሻል?» አለኝ። በእኛ ሙያ ከስም በቀር ሀብት የለም። ያልተባለ መድኃኒት ጽፌአለሁ ብላ በፊርማዋ ላመነች ሴት በሩን የሚከፍትላት የመዝገብ ክፍል የትም አይገኝም።

ስለዚህ አልፈርምም።

በፊርማዬ ፋንታ ሪፖርቱ ሦስት ጊዜ የተመለሰበትን ሰዓት፣ የአራሚዎን ትእዛዝ ቃል በቃልና ቃሉ የገባበትን ደቂቃ፣ የሕመምተኛው ማንነት ተሰርዞ፣ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መለያ ቁጥሬን ይዝጉት፤ ለመዝጋት ወንበርዎን መጎተት እንኳ አያስፈልግዎትም። እኔ ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ደብተሬም አላለቀም። ሰኞ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ወጥቼ የክሊኒኮችን የመዝገብ ክፍል በር አንድ በአንድ ማንኳኳት እጀምራለሁ። አንዱ ባይከፍት ሌላው ይከፍታል፤ ሪፖርት የሚጽፈው ሰው መሆኑን እስካሁን ያልሰማ ካለ በዚያው እነግረዋለሁ።

ላሳዩኝ አባታዊ እንክብካቤ፣ ለሙዚቃውና ለሴራሚኩ አድናቆት እጅ እየነሳሁ፣

እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ብቻ የእርስዎ ታዛዥ፣
ባለ መለያ ቁጥር 0417

ግልባጭ፦
— ማስታወቂያዎ በግድግዳቸው ላይ ለተሰቀለባቸው ክሊኒኮች ሁሉ
— ለሥራ ባልደረቦቼ፣ በየተቆለፈው ክፍላቸው

ሳልረሳው፦ ሰው ነዎትና አንድ ቀን እርስዎም ይታመማሉ። ሐኪምዎ ስለ ሕመምዎ ይናገራሉ፤ ዋናው ቃል ላይ ሲደርሱ አንዱ ያስላል ወይም በር ይዘጋል፤ ፋይሉም ከእኛ ለአንዳችን ይደርሳል። የዚያን ዕለት እርስዎን እምቢ የሚል ጸሐፊ እጅ እንዲጥልዎት ከልቤ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም መመሪያዎን አክባሪ ከደረሰዎት፣ ያለፉትን ሦስት ሪፖርቶችዎን አይቶ «እንደ ወትሮው ጤነኛ ናቸው» ብሎ ይጽፍልዎታል።