የአዲስ አበባው አስተማሪ

ረቡዕ ኅዳር 3፣ 1962

ጧት እንደ ልማዱ ጉሮሮ ማለስለስ። የአስጠኚ ቢሮው ባለቤት አቶ ሀብቶም ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። እኛ አስጠኚዎች ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ተሰልፈን «ሐኪም፣ ዓይን፣ ሕግ» እንላለን። ሐው ወይም ዐው ከጉሮሮ ከወጣ እንደገና። ወላጆች የአ.አ. አማርኛ ነው የሚፈልጉት፣ የሐማሴን አማርኛ አይሸጥም ይላል። ሱፍ ለብሰን የቆምን ሰዎች ነን! ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን።

ዛሬ የባሰ መጣ። ብቸኛው የአ.አ. ሰው ከአቶ ሀብቶም ጋር ተጣልቶ ጥሎ ሄደ። ችግሩ፣ ለአንድ የጥራቮሎ ሰፈር ቤት «የአዲስ አበባ ልጅ እልክላችኋለሁ» ተብሎ ቃል ተገብቷል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የአዲስ አበባ ልጅ እኔ ነኝ። ተስፋጋብር መባሌ ቀርቶ ተስፋዬ። ትግርኛ መናገር የለም፣ መስማትም የለም። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ ሌላ ሰው ከአ.አ. እየመጣ ነው አለኝ።

እሺ አልኩ። ሥራ ያዝኩ ብዬ አጎቴን ካስደሰትኩ ገና ወር አልሞላኝም። አንተም ብትሆን ማስታወሻዬ፣ በአቶ ሀብቶም ትእዛዝ የተጀመርክ ነህ። በአማርኛ አስቡ፣ ማታ ማታ በአማርኛ ጻፉ ብሎን። እንግዲህ ቻለኝ።

ዓርብ ኅዳር 5

ጥራቮሎ። በሩን አንኳኳሁ። ከውስጥ «መን እዩ?» የሚል የሴት ድምፅ፣ ማን ነው ማለቷ ነው። ልመልስ አፌን ከፍቼ ትዝ አለኝ። «አስተማሪው ነኝ» አልኩ።

ኣደይ ምሕረት ይባላሉ፣ እማማ እንደ ማለት ነው፣ ባላቸው የሞቱባቸው። ተማሪዋ ለተብርሃን የምትባል ልጃቸው ናት። በታኅሣሥ መጨረሻ ስልክ ቤት ትፈተናለች፣ ፈተናው በአማርኛ ነው። ካለፈች ኦፕሬተር ትሆናለች፣ ቤቱም ቀና ይላል። እዚህ ሌላ ሠርቶ የሚያገባ የለም።

እናትየው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ለልጃቸው በትግርኛ፦ «ወዲ መን ኮን ይኸውን?» የማን ልጅ ይሆን፣ እናቱስ እንዲህ አገር አቋርጦ ሲሄድ እንዴት አስቻላት አሉ። ሕምባሻና ሻሂ አቀረቡልኝ። ወደ እኔ ሲዞሩ በተሰባበረ አማርኛ፣ ብላ ልጄ፣ አገርህ ነው።

በላሁ። አገሬ ነው፣ እውነታቸውን ነው። እናቴ ያለችው ቃሓውታ ሰፈር ነው፣ በቢሽክለታ ሩብ ሰዓት።

ሰኞ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ሳምንቱም አለፈ። የአ.አ.ው ሰውዬ አቶ ሀብቶም እንዳለው ደሴ ደርሷል።

ዛሬ የሒሳብ መጽሐፍ ይዤ ሄድኩ። የአማርኛውን ሌላ አስጠኚ ወስዶታል፣ ለሦስታችን አንድ ነው። ከጭንቅላቴ አስተማርኩ። «ተቋረጠ» ለማለት ክር መዝዤ በጥርሴ በጠስኩት። ለተብርሃን ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የገባት ግን ክር እንጂ የስልክ መስመር አይደለም። በትግርኛ አንድ ቃል ብል ያልቅ ነበር። አልልም። በእጄ፣ በዓይኔ፣ በክር እለፋለሁ።

ስወጣ ለእናቷ፣ አስተማሪው ጥሩ ሰው ነው፣ ደደቧ እኔ ነኝ አለቻቸው። ጫማዬን የማስር መሰልኩ። ደደብ አይደለችም! ደደብ ያደረግኋት እኔ ነኝ።

ሰኞ ኅዳር 22

መስማት ያልነበረብኝን ሰማሁ።

የኣደይ ምሕረት የበኩር ልጅ ዓሰብ ወደብ ይሠራል ነው የሚባለው። ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለሁሉ። ዛሬ ሻሂዬን እየቀዱ ለለተብርሃን ሌላ ነገር ነገሯት። ልጁ ከሸፈቱት ጋር በረሃ ወርዷል። እዚያው ፊቴ፣ ቁም ሣጥን ፊት እንደሚወራ። ስሙን እዚህ አልጽፍም።

እስከ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ይቅርታ እላለሁ ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። አሁን እንዴት? ቋንቋውን ደብቆ ሰው ቤት እየተቀመጠ የሚያዳምጥ ሰው በዚህ ከተማ ጆሮ ጠቢ እንደሚባል የማያውቅ ማን አለ? ትግርኛ እችላለሁ ባልኩ ማግስት በዚያ ቤት እንቅልፍ አይኖርም። ዝም ካልኩም የሚሉት ያ ሰው ነኝ።

አቶ ሀብቶምን ከዚያ ቤት አውጣኝ አልኩት። ሰውዬው መቀሌ ደርሷል፣ ማኪናው ተበላሽቶ ነው አለ። ደሴ፣ መቀሌ። በእግሩ ቢመጣ ይደርስ ነበር! እየሳቅሁ ወጣሁ፣ በር ላይ ስደርስ ሳቁ ጠፋ።

እሑድ ኅዳር 28

ቃሓውታ ዋልኩ። አጎቴ ተኽለ ታመው ከአልጋ አይነሱም። አባቴ ሲሞት እኔንና እናቴን ቤታቸው ያስገቡን እሳቸው ናቸው፣ የእናቴ ወንድም። ጋራዥ ውለው እጃቸው ዘይት እንደሆነ ደብተሬን አምጣ ይሉኝ ነበር፣ እንዳያቆሽሹት በክርናቸው እየገለጡ ያያሉ። ዛሬ ለጠያቂው ሁሉ፣ ተስፋይ መምህር ሆነ ይላሉ፣ ሲያቆላምጡኝ ነው። የማንን ልጅ እንደማስተምር ጠየቁኝ። እሳቸው የማያውቁት የጥራቮሎ ሰው የለም። ብዙ ናቸው ብዬ አለፍኩ። አጎቴንም ዋሸሁ።

ሰኞ ኅዳር 29

በሥርዓት ልጻፍ።

ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ጥራቮሎ። ቃል እያስጻፍኳት ነበር። አንዲት ጎረቤት ነጸላዋን አጣፍታ ገባች። «ምሕረት ሓብተይ፣ ተኽለ መካኒኮ፣ ናይ ቃሓውታ፣ ዓሪፉ።»

እኅቴ ምሕረት፣ መካኒኩ ተኽለ፣ የቃሓውታው፣ አርፏል። አጎቴ።

ኣደይ ምሕረት በነጸላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ለካ አጎቴ የባላቸው የሥራ ጓደኛ ነበሩ፣ አንድ ጋራዥ። እኔ መጽሐፍ ይዣለሁ። ለተብርሃን እስክሪብቶዋን አንሥታ ቀጣዩን ትጠብቃለች። ቀጠልኩ። «እባክዎ ጥቂት ይጠብቁ፣ መስመሩ ተይዟል።» ደግሜ አነበብኩላት። ጉሮሮዬ ለስላሳ ነበር። አቶ ሀብቶም ቢሰማኝ ይኮራብኝ ነበር።

ኣደይ ምሕረት እንባቸውን ጠርገው ይቅርታ ጠየቁኝ። ሰው ሞተብን ልጄ፣ አንተ አታውቀውም አሉ። እኔም ብድግ ብዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት አልኳቸው።

እኔ እሳቸውን!

ቢሮ ስመለስ መርዶው ከጧት ጀምሮ እዚያ ነበር። ከቃሓውታ ሰው ተልኮ መጥቷል። አቶ ሀብቶም ትምህርቱ እንዳይበላሽ ብሎ ደብቆት ዋለ። ነገ ቀብር ልሂድ አልኩት። ጥራቮሎዎቹ ይመጣሉ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ቃሓውታ አጎት ከየት አመጣ አለ። ማታ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ ሂድ አለኝ።

አልሰደብኩትም። ስለዚያች የበረሃ ወሬ ሳስብ እሺ ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ ኅዳር 30

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ቆሜ አየሁ። ቢሽክለታዬን ይዤ፣ እንደ መንገደኛ። እናቴን ደግፈው የያዟት ኣደይ ምሕረት ናቸው። እናቴ ዞር ዞር ትል ነበር። ማንን እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ከአጥሩ እስከ እሷ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ሳጥኑን የእኔ ትከሻ መያዝ ነበረበት። የጋራዥ ሰዎች ያዙት።

ማታ ሄድኩ። እናቴ አልተቆጣችም፣ ያ ነው የገደለኝ። ሥራ ይዞህ ነው አይደል አለች። አንዲት የጥራቮሎ ሴት ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጣ እንደዋለች፣ የማታውቃት ሴት እንደ እኅት እንደሆነችላት ነገረችኝ።

ረቡዕ ታኅሣሥ 1

አስተማርኩ። አዎ፣ ሄጄ አስተማርኩ።

ኣደይ ምሕረት ለለተብርሃን የቀብሩን ነገር በትግርኛ ያወራሉ። ሰው ብዙ ነበር አሉ። ግን ተኽለ እንደ ልጁ ያሳደገው የእኅቱ ልጅ አልመጣም፣ መምህር ሆኗል ይባላል፣ እናቱ ዓይኗን መንገድ መንገድ ላይ ጥላ ዋለች። ምን ዓይነት ልጅ ነው? ምናልባት ታሞ ይሆናል አለች ለተብርሃን። እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢታመምስ ተሸክመውት ይመጡ ነበር። ማንስ ወለደው አይባልም፣ እናቱን አይቻታለሁ፣ ወርቅ የመሰለች ሴት ናት አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው በራ። ለእኔ ብለው የሠሩትን የጾም ሽሮ አቀረቡልኝ። አንተ የሰው አገር ሰው ነህ፣ ብላ ልጄ።

ያን ልጅ ጠሉት፣ እኔን ወደዱኝ። አንድ ትሪ ላይ ሁለታችንም እየበላን!

ሁለት ጊዜ ጎርሼ ሆዴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ ጮክ ብዬ፣ በትግርኛ። ፌርማታው ላይ የነበሩ ሰዎች አዩኝ። ይዩኝ።

ሐሙስ ታኅሣሥ 2፣ ጧት 1 ሰዓት

አልተኛሁም። ዛሬ ሠልስት ነው። እናቴ ድንኳን ውስጥ ትቀመጣለች፣ እኔ ከጎኗ። አቶ ሀብቶም ያሻውን ያድርግ፣ ሰውዬው ከመቀሌ በደህና ይግባለት።

መጀመሪያ ያሰብኩት በቀጥታ ድንኳኑ መሄድ ነበር። ኣደይ ምሕረት እዚያ ያዩኛል፣ ነገሩ በራሱ ይወጣል። ግን ተው። ሕዝብ መካከል ሲያዩኝ ስለ ልጃቸው ፊቴ ያወሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊወርድባቸው ነው። መጮኽ አይችሉ፣ መጠየቅ አይችሉ። ያንንም ላደርግባቸው? ስለዚህ ከሠልስቱ በፊት፣ አሁን፣ ጥራቮሎ። በራቸው ላይ፣ ሌላ ሰው ሳይኖር። የሰማሁት ከእኔ ጋር እንደሚቀበር በአጎቴ አፈር እምላለሁ። ቢያምኑኝ አብረን ወደ ቃሓውታ፣ ለተብርሃንንም እስከ ፈተናዋ ድረስ በሚገባት ቋንቋ አስተምራታለሁ። ባያምኑኝ፣ ቢያባርሩኝ፣ ይገባኛል። ግን የማን ልጅ፣ የተኽለ እኅት ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ። የት ሄደው እንደሚከሱኝም ያውቃሉ፣ እናቴን እቅፋቸው ውስጥ ይዘዋት ውለዋል።

ሱፉን አልለብስም። ቢሽክለታዬ በር ላይ ናት።

አንኳኳለሁ። «መን እዩ?» ይላሉ።

ወዲ ሓብቲ ተኽለ እየ፣ ኣደይ።