ብርድ ልብሱ በፈረስ ጀርባ

ታኅሣሥ 19
የብርድ ልብሱን አሥራ አንደኛ የጨርቅ ኮከብ ሰፍቼ ጨረስሁ። አንድ ቀረኝ። ቁርጥራጩን የሚሰጠኝ ልብስ ሰፊው አዝመራው ነው፤ ከዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ፣ ከመጋረጃ የተረፈ ቀይ። አቆራረጡስ! አይጥ የበላው ይመስላል። ሁሉንም እንደገና አስተካከልሁ። ስምንቱ ጫፎች መሐል ላይ መገናኘት አለባቸው፤ የጤፍ ፍሬ ታህል ከሳቱ ይፈታል። ተማሪ ሳለሁ የእጅ ሥራ መምህራችን ሌላ ቃል አልነበራትም፦ «ፍቺው!» አልቅሼም ቢሆን እፈታ ነበር።

ብርድ ልብሱ የወንድሜ ልጅ ማናለብሽ ለምትወልደው ነው። የቆሰበር ብርድ ሕፃን አይምርም። ከዚህ ሌላ አልሠራም... ግራ ዐይኔን ሞራ ሸፍኖታል፣ ቀኙም እየተከተለው ነው። መርፌው ላይ ክር ለማስገባት ዛሬ ስንት ጊዜ ሞከርሁ? አልጽፈውም።

ጥር 4
ወንድሜ ገበየሁ፣ የማናለብሽ አባት፣ መጣ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዛሬም በጥር ሃያ ሦስቱ የፈረስ በዓል ከፈረሰኞቹ ጋር ካልጋለብሁ ይላል።
«እቴቴ፣ ለዳማዬ አዲስ ግላስ ስፊልኝ። አሮጌው አሳፈረኝ።»
«ደግሞ የፈረስ ልብስ ሰፊ ሆንሁ?»
«ታዲያ አልጋው ላይ የተዘረጋው ምንድን ነው?»
«ጨርቅ።»
ሳቀ። ምን ልበለው? ላልተወለደ ልጅ ልብስ ተሰፋ ቢባል ሟርት ነው ይላሉ። እኔ አላምንበትም... ግን ማናለብሽ አንዴ ጽንስ ወርዶባታል። ጨርቅ ነው ብዬ ተውሁት።

ጥር 18
ገበሩንም ሰፋሁ። አለቀ።

ጥር 21
ከአስተርእዮ ማርያም ስመለስ አልጋው ባዶ! ቁልፌን የምተውላት ጎረቤቴ ውቢት ፈገግ ብላ፣ «እትዬ፣ ጋሽ ገበየሁ ግላሱን ወሰዱት። እጇን ይባርከው ብለዋል» አለችኝ።
ግላስ! ስደውል ኔትወርክ የለም። እሱ ያለው አዲስ ቅዳም ከተማ፣ እኔ በዚህ ጉልበት...

ጥር 23
ሜዳው ድረስ ሄድሁ። አየሁት። አራት ወር የለፋሁበት በፈረስ ጀርባ ላይ ሲርገበገብ! አጠገቤ የቆመች ሴት «የማን እጅ ይሆን?» ትላለች። አልመለስሁላትም። ኮከቦቹ ከሩቅም ቀጥ ያሉ ናቸው፤ እሱን ማንም አይክደኝም። ግን ለፈረስ?!

ጥር 24
አመጣው። በላብ ርሶ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ሁለት ኮከብ በእርካብ ተቀዶ።
«ሜዳው ሁሉ እኛን ሲያይ ዋለ፣ እቴቴ!»
«የጋለብህበት የልጅ ልጅህ ብርድ ልብስ ነው።»
«የየትኛው?»
«የሚወለደው።»
ተቀመጠ። ሲደነግጥ በአዊኛ ነው የሚናገረው፤ ለራሱ ብዙ ነገር አለ። በመጨረሻ፦ «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»
እኔን! እኔን ሊጠይቅ! በሩን አሳየሁት።

ጥር 25
«ጨርቅ» ያልሁት እኔ ነኝ። ይሁን። ሰው ከተዘጋ ቤት ገብቶ ከአልጋ ላይ ይገፍፋል?

የካቲት 2
ብርድ ልብሱን ሦስት ጊዜ አጠብሁት። የፈረሱ ሽታ ለቀቀ፤ የተቀደዱት ሁለቱ ኮከቦች ግን አዲስ ይፈልጋሉ። ጠዋቱን ሙሉ ከመርፌው ጋር ታገልሁ። ክሩ አልገባም። መርፌውን ወረወርሁት፤ ቀጥሎ ወለሉን በእጄ እየዳሰስሁ ፈለግሁት።

ገበየሁ ማንም ሳይጠራው መጣ፤ ኮርቻ የሚሰፋበትን ወስፌ ይዞ። ለጨርቅ ወስፌ! ቀማሁትና መርፌውን ሰጠሁት። ክሩን ባንዴ አስገባው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ሰፍቶ የጨረሰውን የመጀመሪያ ኮከብ አየሁት፤ ጫፎቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።
«ፍታው።»
«እቴቴ፣ ሕፃን ምን ያውቃል?»
«እኔ አውቃለሁ። ፍታው!»

የካቲት 11
በየቀኑ ይመጣል። አንዱ ኮከብ በአምስተኛው ሙከራ ቀና። ሁለተኛው ገና ነው።

የካቲት 16
ዛሬ ጠዋት ገበየሁ እያለከለከ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል፤ ሽማግሌው!
«ማናለብሽ ተገላገለች! ሴት ናት!»
«እሰይ። ወንድ ቢሆን ክርስትናው በአርባ ቀን ነበር፤ አንደርስም። አሁን ሰማንያ ቀን አለን።»
«ዛሬ እንኳ እንረፍ እንጂ...»
ኮከቡን አቀበልሁት። ስድስተኛው ጫፍ አሁንም ጠማማ ነው።
«ተቀመጥ። ፍታው።»