ግልጽነት መጋረጃ ቤት ሲገባ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፤

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህ ተሻለህ ወይ? አባባን ሳሉ ለቀቀው? እማማስ እንቅልፍ ይወስዳታል? እኔ የእናንተ ነገር ሆዴን ከማባባቱ በስተቀር ደህና ነኝ። መርፌዬም እኔም አልደነዝንም።

የምሠራበት መጋረጃ ስፌት ቤት ግን ሰሞኑን ታምሷል። አሠሪያችን ስልጠና ሄደው ነበር። ሰው ከመንገድ ሲመለስ ስጦታ ይይዛል፤ እሳቸው «ግልጽነት» የምትባል ቃል ይዘው መጡ። ጠዋት ግልጽነት፣ ማታ ግልጽነት። ምን ማለት እንደሆነ ግን ለማንም አላብራሩም። የጽዳት ሠራተኛዋ ስለ መስታወቱ መስሏት ስትወለውል ዋለች። ጨርቅ ቆራጩ ደግሞ የልብን መናገር ነው ብሎ ለአንዲት ደንበኛ «ይሄ ቀለም ቤትሽን ሐዘን ቤት ያስመስለዋል» አላት፤ ሴትዮዋም ጨርቁን ጥላ ወጣች። እኔማ መጋረጃ እየሰፋን ምን ግልጽነት አለ ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሰበሰቡንና «በሆዱ የያዘውን ያለ ዙሪያ ጥምጥም የሚናገር አለ?» ሲሉ በካውያ የሚተኩሰው ልጅ ተነሣ። ዓይነ አፋር ነው። በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር «ጨርቅ ብቻውን ሲሰቀል ይጨማደዳል» ይለኝ ነበር። እኔ የሥራ ምክር መስሎኝ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ስሰቅል ከረምኩ።

«እሷን እፈልጋታለሁ» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

አሠሪያችን ብዕራቸውን አንሥተው «ለየትኛው ክፍል?» አሉት።

«ለቤቴ።»

«ቤት እየሄዱ መስፋት አይፈቀድም» አሉ። ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ «ለትዳር ነው እትዬ» ሲል ቆራጩ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እኔም የምገባበት ጠፋኝ።

«አንቺም ግልጽ ሁኚ» አሉኝ። «ልቤ እሺ ብሏል፤ አፌ ግን አባቴ ሳይሰማ አይልም» አልኩ። «ታዲያ አሁን የተናገረው ምንሽ ነው?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ አደራዬ ለአባባ ስትነግረው እንደ ልማድህ «እስቲ ቁጭ በል፣ ሁሉም የፈጣሪ ሥራ ነው» ብለህ እንዳትጀምር። ታናሻችን ፈተና ማለፏን እንዲያ ብለህ ስትነግረው እንኳ ሰው የሞተ መስሎት ጫማውን ፍለጋ ተነሥቷል። «ልጅህ የምትወደው ደግ ሰው አግኝታ ፈቃድህን ትጠብቃለች» በለው፤ በቃ። እምቢ ካለም ሳትሸፋፍን ጻፍልኝ፤ አለቅሳለሁ እንጂ አልቀየምም። ደግሞ ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ በሐሳብ እየሄደ መጋረጃ ማቃጠል ጀምሯል፤ ቶሎ ብትመልስልኝ ለመሥሪያ ቤቱም ይበጃል።

እማማን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ባለቤትህን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ። ታናሻችንን ጎበዝ በላት፤ ሕፃኑን ልጅህንም እስኪያኮርፍ ድረስ ሳመው። አባባን ግን መልሱን ከሰማህ በኋላ ሳምልኝ።

እህትህ፤
ከስፌት ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣
ኅዳር 14 ቀን