ስምሽን ፈልጊ፣ ፋርቱን

ድሬ ዳዋ፣ ጥቅምት ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ውድ ፋርቱን፣

ያለፈውን ደብዳቤዬን የአጎትሽ ልጅ ኢድል ጀልዴሳ ድረስ ወስዶልሽ ነበር። ሲመለስ «አነበበችው?» አልኩት። መዋሸት መቼ ያውቅበታል! «አቦ የሺ፣ ብዙ አየችው። ከዚያ ስሟ ላይ ጣቷን አስቀመጠች። ሌላው ጠፍቶባታል መሰለኝ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ደብዳቤ ስጽፍና ስቀድ ነው የከረምኩት።

አንቺ እኮ ፋርቱን፣ ከክፍላችን በጽሕፈት የሚወዳደርሽ አልነበረም። ከሰሌዳው ስትገለብጪ መምህር ወልደጻድቅ ራሳቸው ቆመው ያዩሽ ነበር። በቃል ሲጠይቁሽ ግን ጭጭ። ገና ከደጋ መምጣታቸው ስለነበር፣ ዝም ያለ የድሬ ዳዋ ልጅ ሁሉ አማርኛ ያልገባው ይመስላቸዋል። ከክፍላችን ልጆች ኢድል በሶማሊኛ፣ ዚነት በኦሮምኛ፣ ሱሌማን በዓረብኛ እንዲጠይቁሽ አደረጉ። ለአንዱም አልመለስሽም። «እንግዲህ ፈረንሳይኛ ቀረን! ወይስ ዝም አይነቅዝም ብለሽ ነው?» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም ስንስቅ አይተሽ ሳቅሽ። ያን ሳቅሽን አልወደውም ነበር።

እንደማትሰሚ የምናውቀው እኔና ኢድል ብቻ ነበርን። ጋሽ አብዱላሂ፣ አባትሽ፣ ሲያስመዘግቡሽ «ካወቁ አይቀበሏትም» ብለው ኢድልን አፉን አስይዘውታል። እኔ ጎንሽ ስለተቀመጥኩ ደረስኩበት። ስምሽ ሲጠራ ጉልበትሽን በጉልበቴ እነካሻለሁ፤ ብድግ ትያለሽ። ደወል ሲደወልም እንዲሁ። እንዲህ እያልን ሦስተኛ ክፍል ደረስን፣ ፋርቱን።

ከዚያ ያ ኢንስፔክተር ከአዲስ አበባ መጣ። ደብተርሽን አይቶ ወደደውና ሰሌዳው ላይ እንድትጽፊ በእጁ ጠራሽ። ደስ ብሎሽ ወጣሽ። ከኋላሽ ቆሞ ስምሽን ጠየቀሽ። ደግሞ ጠየቀሽ። ከወንበሬ ተንጠራራሁ፤ ጉልበቴ ግን እዚያ አይደርስም። በመጨረሻ ዘበኛው ለደወል በሩ ላይ የተንጠለጠለችውን የሐዲድ ቁራጭ እንዲመታ አዘዘ። ሁላችንም ደነገጥን። አንቺ ጠመኔሽን አስተካክለሽ መጻፍሽን ቀጠልሽ።

አባትሽ ተጠርተው ከባቡር ጣቢያ፣ የተሸከሙትን ጥለው መጡ። «ጆሮ ባይኖር ዓይኗ ይሰማል ጌታዬ። ዋላሂ ይሰማል! ደብተሯን እይ» አሉት።

«የደንቆሮ ክፍል የለንም። ወንበሩን የሚሰማ ልጅ ይቀመጥበት» አላቸው።

መምህር ወልደጻድቅ አንገታቸውን ደፉ፤ ያን ለት ቋንቋ የጠፋቸው እሳቸው ነበሩ። በሳምንቱ አባትሽ ለፍየል ጥበቃ ገጠር፣ ጀልዴሳ ሰደዱሽ። ወንበርሽ ላይ ዓመቱን ሙሉ ማንም አልተቀመጠም፣ ፋርቱን።

አሁን፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ እንዳንቺ ላሉ ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ ቢሉኝ ስላንቺ ጻፍኩላቸው። ዕድሜዋ አልፏል፣ የምንቀበለው ትንንሾቹን ነው አሉ። ተናደድኩ፣ አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ? እኔ በሚቀጥለው ወር ሐረር፣ መምህራን ማሠልጠኛ ልገባ ነው። ጥሪው ሲደርሰኝ ደስታው እንኳ አልሞላልኝም።

ይህንንም ምናልባት አታነቢው ይሆናል። በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት፣ ስምሽንም እየመላለስኩ የጠራሁት አውቄ ነው። ሌላው ቢጠፋብሽ ስምሽን ፈልጊ። ጣትሽን አስቀምጪበትና ቀጥሎ ያለውን ፊደል እይው፤ ከዚያ ሌላውን። ሲደክምሽ ወደ ስምሽ ተመለሺ። ከዚህ ሆኜ የምነካሽ በዚህ ብቻ ነው።

ፋርቱን። ፋርቱን። ፋርቱን።

ጎንሽ የምትቀመጠው፣
የሺአረግ