የባሕር አረም ዱቄት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

በመጨረሻ ደረሰ። ታቿ ላይ ጨው የመሰለች ዱቄት ያለባት ትንሽ ብልቃጥ... ለዚች ነው እንዴ ክረምቱን ሙሉ የጠበቅነው? ካይኒክ አሲድ። ከባሕር አረም የሚወጣ መርዝ ነው። አይጥ በመርፌ ስትወጋው አንጎሏ ይታወክና የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ትወድቃለች። እኛም የፈለግነው ይህንኑ ነው፤ የምንሞክረው መድኃኒት መውደቋን ያስቀር እንደሆነ ለማየት።

አማካሪዬ ዶ/ር ፊርዶስ "ስምረት፣ መመረቂያሽ ይኸውልሽ" አሉኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጥቅምት ገብቶም ሙቀቱ አልበረደም። ሳቢያን ሰፈር እስክደርስ ባጃጅ ውስጥ በላብ ተጠመቅኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ጀመርን። መጀመሪያ አይጧ ድርቅ ትላለች። ከዚያ ራሷን ትነቀንቃለች፣ የፊት እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ በሁለት የኋላ እግሮቿ ትቆምና ትወድቃለች። ለየደረጃው ቁጥር እንሰጣለን። ምንም ካልሆነች ዜሮ፣ ከወደቀች አምስት። አንድም ቁጥር አልሳትኩም። ጎበዝ ተባልኩ።

ማታ ወንድሜ ዳጊ "ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" አለኝ። "ወረቀት" አልኩት። ምን ልበለው? ያንተን በሽታ ስሠራ ዋልኩ ልበለው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ዳጊ የአቶ ዐብዲከሪምን ባጃጅ ሊነዳ ነው! እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ግን ኪኒኑን ከተወ ወር እንዳለፈው አውቃለሁ። "ያደነዝዘኛል። ደንዝዤ ልንዳ?" ይላል። ከሰኔ ወዲህ አልወደቀም። እውነቱን ነው። ግን...

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ወደቀ። ግቢ ውስጥ ባጃጁን እያጠበ፣ የውሃውን ጎማ እንደያዘ። እማዬ ክብሪቷን ከመቀነቷ ፈትታ ሮጠች፤ ሁሌም እንደምታደርገው ጭራ ጢሱን አፍንጫው ሥር ያዘችለት። ጎረቤታችን ካልቱን ልጆቿን እየጎተተች "አትንኩት! አረፋው ይጋባል!" ትጮሃለች።

እኔስ? በሩ ላይ ቆሜ በሆዴ "አምስት" አልኩ።

አምስት! ወንድሜን!

አይጦቹን በየቀኑ እይዛለሁ። ዳጊን ግን ወድቆ አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም። ከካልቱን በምን ተሻልኩ?

ነቃና "ማነው ውሃ የደፋብኝ?" አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ተጣላን። "ወይ አንተ ለአቶ ዐብዲከሪም ንገራቸው፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ" አልኩት። እማዬ ብድግ አለች። "ገመናችንን አደባባይ ልታወጪው ነው? ነገ ማን ልጁን ይድርለታል?"

ዳጊ ግን እየሳቀ ነበር። "አቦ አታካብጂ ስምረት። ወደቅክ የምትሉኝ እናንተ ናችሁ። እኔ የማውቀው ተኝቼ መነሳቴን ነው።" ቆይቶ ሳቁን ተወው። "ሁላችሁም አይታችሁታል። ካልቱን እንኳ አይታዋለች። እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት።"

ይህቺ ንግግሩ ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ደቻቱ ድልድይ ላይ አየሁት። ከኋላ የተማሪ ቤት ልጆች ጭኗል። እጁን አወዛወዘልኝ... አንዷ ሕፃንም አብራ አወዛወዘችልኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

እማዬ ከኪዳነ ምሕረት ጠበል አመጣችለት። "ጠበሉንም ይጠጣ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ" አልኳት። ጠበሉን ብቻ ቀዳችለት።

ለዶ/ር ፊርዶስ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ራሱ ይየው፤ ቅዳሜ ላብራቶሪ አምጪው" አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

መጣ። ነጭ ካፖርትና ጓንት አለበስኩት። ሁለት አይጦች አሳየሁት። አንዷ ቀድማ መድኃኒት ወስዳለች፤ የዳጊን ኪኒን ራሱን። ሌላዋ ምንም አልወሰደችም። ከዚያ ሁለቱንም ያንኑ መርዝ ወጋኋቸው።

ሲጠብቅ ይቀልድ ነበር። መድኃኒት ያልወሰደችው ራሷን መነቅነቅ ስትጀምር ቀልዱን አቆመ። ስትወድቅ ጓንት ያጠለቀ እጁን የሳጥኗ መስታወት ላይ አሳረፈ።

"እንዲህ ነው?"

"እንዲህ ነው።"

"ክብሪት አትጭሩላትም?"

"አንጭርም።"

"ታዲያ ምን ታደርጉላታላችሁ?"

"እስኪያልፍላት እንጠብቃለን። እንጽፋለን።"

ወደ ሌላዋ ዞረ። ጥግ ላይ ተኮራምታ እያንጎላጀች ነበር። "ይቺ ደንዝዛለች" አለ። አዎ አልኩት፣ ደንዝዛለች። "ግን አልወደቀችም" አለ ለራሱ።

ልንወጣ ስንል "ለወደቀችው ስንት ሰጠሻት?" አለኝ። አምስት። "እኔስ ስወድቅ ስንት ነው የምትሰጪኝ?"

እንደ ቀልድ ነው ያለው። ጓንቱን ከእጁ አወለቅኩለት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

የባጃጁን ቁልፍ ራሱ ወስዶ መለሰ። ለአቶ ዐብዲከሪም ሁሉንም ነግሯቸዋል። እሳቸውም "ወላሂ፣ ልጆቼንም በዚህ ባጃጅ ነበር የምትወስዳቸው" አሉት፤ ቀጥለውም "አላህ ያሽርህ።" በቃ።

እማዬ አታናግረኝም። ዳጊ ኪኒኑን ውጦ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል። ደስ ብሎኛል? አላውቅም። ሥራውን ነጠቅኩት።

"ያቺ አይጥ ተነሳች?" ብሎ ጠየቀኝ። "ተነሳች" አልኩት። ዛሬ አንጎሏን አውጥተን እንደቆራረጥነው እንዴት ልንገረው?

እሑድ፣ ኅዳር 7

ዛሬ ወደቀ። ኪኒኑ መውደቁን ቶሎ ላያቆመው እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮን ነበር። ምሳ ላይ ነበርን። እማዬ ክብሪቷን ፈታች። "ተዪው እማዬ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን አጣጥፌ ከራሱ ሥር አደረግኩለት፣ በጎኑ አዞርኩትና ትከሻውን ያዝኩ። አረፋው እጄ ላይ ፈሰሰ። ዳጊ ከባድ ነው... ሰውነቱ ይሞቃል። ይህን ሁሉ ዓመት አላውቅም ነበር። እማዬ ክብሪቷን እንደያዘች አጠገባችን ቁጭ አለች። አልጫረችም።

ዓይኑን ሲገልጥ እኔን አየ። ምላሱ ገና እየተሳሰረ "ስንት ሰጠሽኝ?" አለኝ።

"አልቆጠርኩም" አልኩት።