ክንፍ ያልሰበሩት የአቶ መንግሥቴ ይስማው የሕይወት ታሪክ

አቶ መንግሥቴ ይስማው ከአባታቸው ከአቶ ይስማው ጌታነህና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርነሽ ፈንታው በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ ወረዳ፣ ከመካነ ኢየሱስ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ መንደር ታኅሣሥ 12 ቀን 1965 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በመካነ ኢየሱስ ተከታተሉ። የአክስታቸው ልጅ የሆንሁት እኔ፣ ስማቸው የምባለው፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስወድቅ እርሳቸው አልፈው፣ በ1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው በአውሮፕላን ጥገና ሠለጠኑ።

ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የጥገና ድርጅት ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። የተመሰገኑበት ሥራ የክንፍ ጫፍ መግጠም ነበር። አውሮፕላን ሲበር ከክንፉ ሥር ያለው አየር በጫፉ በኩል ወደ ላይ ሾልኮ ይጠቀለላል፤ ጥቅልሉም አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ጫፉ ላይ ወደ ላይ ቀና ያለ ትንሽ ክንፍ ሲገጠምለት ጉተታው ይቀንሳል፣ ነዳጅም ይተርፋል። ይህን ለእኔ አርባ ጊዜ አስረድተውኛል፤ የገባኝ በአርባኛው ነው።

ፋብሪካዎቹም መጀመሪያ አመንትተው ነበር ይሉ ነበር። ጫፉ ክብደት አለው፤ ክንፉም እንዲሸከመው መጠናከር ነበረበት። ነዳጅ ሲወደድና ገዢው ሲጠይቅ ግን ቀድሞ ለተሠሩት አውሮፕላኖች በኋላ የሚገጠም አዘጋጁ፤ ቀጥሎም ገና ሲሠራ ከክንፉ ጋር አብሮ የሚወጣ አደረጉት። አሁን ወደ ላይና ወደ ታች የተከፈለ አለ፤ ቀና ሳይል ወደ ኋላ የሾለም አለ። ፋብሪካ በሙከራና በስሌት ያምናል። የእኛ አገር ሰው ግን እኔን አመነ።

በ1999 ዓ.ም. አቶ መንግሥቴ የስማዳዋን ወ/ሪት ማንአለሽ ይታየውን ለማግባት ሽማግሌ ላኩ። አግቢው ራሱ አይሄድምና ሥራቸውን እንዲያስረዳላቸው ፎቶግራፋቸውን ሰደዱ፤ ቱታ ለብሰው፣ እጃቸውን ቀና ባለው ጫፍ ላይ አድርገው የተነሡትን። የልጅቱ አባት አቶ ይታየው ፎቶውን አገላብጠው አዩና «ይኼ ክንፍ ምን ነክቶት ነው የታጠፈው?» አሉ። ሽማግሌዎቹን ተከትዬ ሄጄ ነበርና ቀደም ብዬ፣ «መንግሥቴ አውሮፕላኑን ከመጠለያው ሲያስወጣ ክንፉን ከበሩ ጋር አጋጭቶት ነው። አለቆቹ ሲያዩት አማረባቸውና ሌላውንም ክንፍ እንዲያጋጨው አዘዙት» አልሁ።

ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። አቶ ይታየው ብቻ አልሳቁም። «ነገ ሲታሰር ስንቅ የምታመላልሰው የእኔ ልጅ ናት?» ብለው ፎቶውን መለሱ። ቀልዴን ነው ብል፣ «ዘመድ ነህና ልትሸፍንለት ነው» አሉኝ።

ወሬው በሳምንቱ አርብ ገበያ ከተማ፣ በወሩ ንፋስ መውጫ ደረሰ። እየዞረ ሲሄድ የተሰበሩት አውሮፕላኖች ሦስት ሆኑ፤ ሁለቱን እኔ አልጨመርሁም። ወ/ሪት ማንአለሽ በዓመቱ ለሌላ ተዳሩ። አቶ መንግሥቴ ሌላ ሽማግሌ አልላኩም። ለእረፍት በመጡ ቁጥር «ዘንድሮስ ስንት ሰበርህ?» የሚላቸው አይጠፋም ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ መሬት ላይ በእንጨት እየሣሉ ያስረዱ ነበር፤ በኋላ ተዉት።

በ2014 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ሥራ ለቀቁና እናታቸው ቤት ገቡ። በሕይወታቸው የመጨረሻ ሳምንት አስጠሩኝ። «ስማቸው፣ እኔ አሥራ ስምንት ዓመት እውነቱን ተናግሬ አንድ ሰው አልሰማኝም። አንተ ስታወራ ግን ሰው ሥራ ፈቶ ይሰማሃል። የሕይወት ታሪኬን አንተ ጻፈው፤ ምንም አትጨምርበት» አሉኝ። ይቅርታ ስጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። እናታቸውና እኅታቸው ወ/ሮ ራሄል ይስማው ከሐዘናቸው ጋር ቀርተዋል፤ እኔም አለሁ።

ዛሬ ጧት ይህን ስጽፍ አክስቴ ብርነሽ አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ስማቸው፣ እንግዲህ ልጄ ሞተ፤ የሚያስረው የለም። እንዴት ቢመታው ነው ክንፉ እንዲያ የታጠፈው?» ብለው ጠየቁኝ። በአፌ ብነግርዎ እንደማያምኑኝ ስላወቅሁ በሰው ሁሉ ፊት ይነበብልዎ ብዬ እዚህ አስፍሬዋለሁ፤ አክስቴ፣ ልጅዎ ምንም አልሰበረም።

እግዚአብሔር ያላመናቸውን ሁሉ ይቅር ብሎ፣ የወንድማችንን ነፍስ ቃላቸው በሚታመንበት ቦታ ያሳርፍልን። አሜን።